ከአስፋልቱ ገባ ብሎ

ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከባንኩ ጀርባ፣
ክረምት እንደ ተከራይ አንዴ ከገባ
የማይለቀው የጭቃ መንገድ ላይ ነበረ አንድ ሆቴል፣
ስድስት ክፍል ብቻ፤ ስሙም «መልካም ዕድል»።

እናቴ አልጋ አንጣፊ፤ እኔ ቆርኪ ቀጥቃጭ፣
ሰባት ዓመቴ ነው፤ ደመወዜ ሻይ፣ ከነስኳሩ ዝቃጭ።
የቢራውን ቆርኪ በድንጋይ ጠፍጥፌ፣
ቀዩን ባንድ ጣሳ፣ ቢጫውን በሌላ አሰልፌ፣
ሲመሽ አቀርባለሁ። ሲኞር ኮራዲኖ፣
ያገሩ ጦር ጅማን ሲለቅ በወባ ወድቆ፣ እዚሁ ድኖ
የቀረው ሰውዬ፣ ወንድና ሴት በማይለይ አማርኛው፣
ለምን ቆርኪ እንደሆነ ነገረኝ አንድ ማታ፣ ቆሞ ከደጃፉ፦
«ብር ያየች እጅ ትፈራለች።
ቆርኪ ያየች ትጫወታለች።»

ኅዳር ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ቡና ከጎማ፣ ከገራ
በኤንትሬ ተጭኖ ሲገባ፣ መብራታችን እስኪነጋ ይበራ
ነበር። ውርርዱ በብር አይጠራም፤ በፈረሱላ ነው፤
«አሥር ፈረሱላ!» ይላል አንዱ፤ «ሃያ አድርገው!»
ይላል ሌላው፤ ገበሬው ገና ያልለቀመው ቡና
በጠረጴዛው ላይ ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ይሸጣል እንደገና።

አራት ቁጥር የከሳሪ ነው። ሂሳብ አይጠየቅበትም።
የቤቱ ደንብ ነው። መጋረጃ ግን የለበትም።
«ለምን?» አልኳት እናቴን።
«ገመድ አለው» አለችኝ፤ ትራስ መታች፣ ዞር አደረገች ፊቷን።

ሽብሩ ዘርጋ መኪናውን ያስያዘው በጥር ነው፤
ካርታው ሲገለጥ ላቡን እንኳ አልጠረገው።
ሙዘይን አባ ቦር አሸነፈ። መንዳት ግን አያውቅም።
ቁልፉን ሲያገላብጥ ቆየና፣ ሳይስቅም
ሳይኮራም፣ መልሶ ወደ ሽብሩ ገፋ፤
«ደመወዝ ስንት ነው?» አለው። የቆርኪው ጣሳ ተደፋ።

አሥራ አንድ ዓመት ነዳ ሽብሩ የገዛ መኪናውን
ለሌላ ሰው። በባንኩ ጥግ ባለፈ ቁጥር ጡሩንባውን
ሁለቴ ይነፋል። ስድብ ይሁን ሰላምታ፣
እናቴ አንሶላ እያጠፈች ታዳምጣለች፣ አንገቷን ደፍታ።

በስድሳ ሰባት፣ ሐምሌ ሲያልቅ፣ ሦስት ሰዎች መጡ ደብተር ይዘው።
«አልጋ ስድስት፣ ትራስ ዘጠኝ...» ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ከበው
ቆሙ። በመጨረሻ አንዱ ጻፈ፦ «ትልቅ ገበታ፣ አረንጓዴ የለበሰ።»
ጨርቁን ልብስ ሰፊ ቀደደው፤ ለመስከረም ሁለት ሰልፍ ደረሰ፣
የባንዲራ አረንጓዴ ሆኖ። ሙዘይን ከሰልፉ መሃል አየው፤
«ሰባ ፈረሱላ የበላኝ ጨርቅ!» አለ፤ ለሽብሩ ብቻ ነው የነገረው።

ጠረጴዛው ለቀበሌ ሆነ። የስኳርና የሳሙና ተራ
በቁጥር ተጠራበት፤ ሰውም እንደ ድሮው እጁን እያየ ፈራ።

ሲኞር ሂድ ቢባል አልሄደም። ሻንጣውን አንስቶ
ገባ አራት ቁጥር። ደንቡን ያወጣው እሱ፤ ከሰረ፤ ተኝቶ
ሂሳብ አልከፈለም። በሁለተኛው ክረምት፣
አዌቱ ሞልቶ ሲያጓራ፣ ቀበርነው፤ ከቀባሪው መሃል
ያልተበደረው ሰው አልነበረበት።

አሁን እዚያ ቦታ ላይ አራት ፎቅ ቆሟል፣ ፊቱ መስታወት።
ከሥሩ የኳስ ውርርድ ቤት፤ ልጆች ወረቀት ጨብጠው፣ ረግጠው ለማያውቁት
ከተማ ቡድን ይሳላሉ። አልፈርድም። ዳቦዬን የበላሁት
ከዚያው ነው።

መሠረቱ ሲቆፈር ሄጄ ነበር። አካፋው ቆርኪ አወጣ፣
ጠፍጣፋ፣ ዝገት የበላው። ሌላም፣ ሌላም መጣ።
ቆፋሪው ልጅ በአውራ ጣቱ አፈሩን እየጠረገ
«የጥንት ገንዘብ ነው?» አለኝ። ራሴ ለ«አዎ» ዘነበለ።
«ስንት ያወጣል?»
«አንድ ኤንትሬ» አልኩት።
ኤንትሬ ምን እንደሆነ አላወቀም። ኪሱ ከተተው፣
እኔ ስሄድ ደግሞ አውጥቶ ወደ ጉድጓዱ ወረወረው።